መብራት፣ ውሃና ስልክ አቅራቢዎች የጎን ንግድ ሲገቡ፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የታሪፍ ወሬ በተነሳ ቁጥር አንድ ጥያቄ አብሮ ይነሳል። መብራት፣ ውሃና ስልክ የሚያቀርቡልን ድርጅቶች ሌላ ንግድ ውስጥ ሲገቡ የኛ ቢል ምን ይሆናል? ጉዳዩ የሁላችንንም ኪስ ይነካል፤ በቀላል አማርኛ የሚያስረዳው ግን ጥቂት ነው። አቋሜን ከወዲሁ ልንገራችሁ። መነገዳቸውን አልቃወምም። የምቃወመው የንግዱ ሒሳብ ከአገልግሎቱ ሒሳብ ጋር ሲደባለቅ ነው።

የትኞቹን ድርጅቶች ማለት ነው?

ደንበኛው "አልተስማማኝም፣ ሌላ ጋ እሄዳለሁ" ማለት የማይችልባቸውን ነው። ደሴ ውስጥ ሆጤ ሰፈር ያለ ቤት መብራት የሚያገኘው ከአንድ ቦታ ብቻ ነው። ቧንቧ ውሃ ሰፈርም፣ ሸዋ በርም እንደዚያው። ሁለተኛ ሽቦ የሚዘረጋልን የለም። ቢዘረጋም ወጪው አያዋጣም።

የድሮው መብራት ኃይል በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ተከፍሏል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል የሚባለው ያመነጫል፤ በከፍተኛ መስመርም ያስተላልፋል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የሚባለው ደግሞ ለኛ ያከፋፍላል፣ ቆጣሪ ያስገባል፣ ቢል ይሰበስባል። ብዙ ሰው አሁንም ሁለቱንም "መብራት ኃይል" ብሎ ነው የሚጠራቸው። ውሃው በየከተማው የውሃና ፍሳሽ አገልግሎት እጅ ነው። ስልክ ላይ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. ሥራ ስለጀመረ አማራጭ መጥቷል። ኢትዮ ቴሌኮም ግን አሁንም ግዙፉ ነው።

የጎን ንግድ የሚባለውስ የቱ ነው?

ዋናው ሥራ ሕግ የሰጣቸውና ታሪፍ የወጣለት ሥራ ነው። ከዚያ ውጭ ገንዘብ የሚያመጣው ሁሉ የጎን ነው።

በጣም የምናውቀው ቴሌብር ነው። ኢትዮ ቴሌኮም በግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው የጀመረው። ከዚያ ወዲህ ዘመን ገበያ የሚባል የኦንላይን መገበያያ ከፍቷል። አዲስ አበባ ላይ የኤሌክትሪክ መኪና ቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያም አቁሟል። የኤሌክትሪክ ኃይል ደግሞ ፋይበር፣ ማለትም ኢንተርኔት የሚያልፍበት መስመር፣ ያከራያል። ከትልልቆቹ የብረት ማማዎች ጫፍ ላይ ቀጭን ሽቦ አይታችሁ ይሆናል። እሱ መስመሩን ከመብረቅ ይጠብቃል። ሽቦው ውስጥ የፋይበር መስመር እንዲያልፍ ይደረጋል። ድርጅቱ ራሱ ለመገናኛ የሚጠቀምበት ከፊሉን ነው። የተረፈውን ለቴሌኮም ድርጅቶች ያከራያል።

አንድ የከተማ ውሃ አገልግሎት ቧንቧና ፊቲንግ ቢሸጥ፣ ወይም ቦቴ መኪናውን ለግንባታ ቢያከራይ፣ ያም የጎን ንግድ ነው። ትንሽ ስለሆነ ብቻ ከጥያቄው አያመልጥም።

ታዲያ ቢነግዱ ምናለበት? ገቢ አይጨምርላቸውም?

ይጨምርላቸዋል። የአገራችን ሰው "ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በሌላው ተንጠልጠል" ይላል። ፋይበሩን እንመልከት። ማማው ቆሟል፣ ሽቦው ተዘርግቷል፣ ትርፍ አቅም አለ። ባይከራይ ማንም አይጠቀምበትም። ቢከራይ ሌላ ድርጅት አዲስ ቦይ ከመቆፈር ይድናል። ኢንተርኔትም ቶሎ ይደርሰናል። ይህን የሚቃወም ሰው ምክንያቱን ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።

ችግሩ የሚመጣው ሁለተኛው ባላ ሲሰበር ነው። ሱቅ ከፍቶ የከሰረ ነጋዴ ራሱ ይከስራል። የመብራት ድርጅት የጎን ንግዱ ሲከስርበት ግን ሌላ መንገድ አለው። ታሪፍ ያስጨምራል፤ እኛም ሌላ ቦታ መሄድ ስለማንችል እንከፍላለን። ትርፉ ወደ ድርጅቱ፣ ኪሳራው ወደ ቢላችን ይሄዳል። ቁጥጥር የሚያስፈልገው ይህ እንዳይሆን ነው።

ኪሳራው ቢሌ ውስጥ የሚገባው እንዴት ነው? ቢሉ ላይ እኮ ተጽፎ አላየሁም።

ተጽፎ አታዩትም። ይህን ጥያቄ ረጋ ብለን እንየው፤ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ነው።

አንድ የከተማ ውሃ አገልግሎት እናስብ። የየትኛውም ከተማ ሊሆን ይችላል፤ ቁጥሮቹም ለማስረጃ ያህል ያስቀመጥኳቸው ናቸው። አገልግሎቱ የቧንቧና የፊቲንግ መሸጫ ከፈተ። በወሩ መጨረሻ "ከሱቁ 30,000 ብር አተረፍን" ብሎ ሪፖርት አደረገ። ሁሉም አጨበጨበ።

አሁን ጠጋ ብለን እንይ። አገልግሎቱ አንድ ፒክአፕ አለው። ነዳጁ፣ ጎማው፣ የሹፌሩ ደመወዝ ሲደመር በወር 60,000 ብር ይፈጃል። መኪናው በሳምንት ከአምስቱ የሥራ ቀናት ሁለቱን ለሱቁ ዕቃ ሲያመላልስ ይውላል። የሱቁ ድርሻ 24,000 ብር መሆን ነበረበት። ንብረት ክፍሉ ውስጥ ያለው ሠራተኛ ደመወዙ 9,000 ብር ነው፤ ግማሽ ቀኑን ሱቁ ውስጥ ይቆማል። 4,500 ብር። ሱቁ ያለበት ክፍል ፒያሳ ላይ ለግለሰብ ቢከራይ 15,000 ብር ያወጣ ነበር። ሱቁ ግን ኪራይ አይከፍልም። ሦስቱን ደምሩ፦ 43,500 ብር።

ይህ ሁሉ የወደቀው በውሃው ሒሳብ ላይ ነው፤ መኪናውና ሠራተኛው በወጪ፣ ክፍሉ ባልተገኘ ኪራይ። ስለዚህ ሱቁ 30,000 ብር አላተረፈም። 13,500 ብር ከስሯል። የውሃው ሒሳብ ደግሞ 43,500 ብር ተሸክሟል። ደንበኞቹ 10,000 ቢሆኑ እያንዳንዱ ቤት በወር 4 ብር ከ35 ሳንቲም ለሱቁ ይደጉማል ማለት ነው። ታሪፍ ሊሻሻል ሲታሰብ "ወጪያችን ጨምሯል" ይባላል። አልዋሹም፤ በወረቀት ላይ በርግጥ ጨምሯል።

ማንም አልሰረቀም። የጎደለ ገንዘብ የለም። ኦዲተር ቢመጣ ደረሰኙ ሁሉ አለ። የጎደለው ይህ ወጪ የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነው።

የግል ነጋዴውስ? እሱን ምን ያገባዋል?

በጣም ያገባዋል። ሰኞ ገበያ አካባቢ ቧንቧ የሚሸጥ ሰው ኪራይ ይከፍላል፣ ግብር ይከፍላል፣ ዕቃውን በራሱ ገንዘብ ያስመጣል። ጎረቤቱ ያለው የአገልግሎቱ ሱቅ ኪራይም የመኪናም ወጪ ካልከፈለ ዋጋ መስበር ይችላል። ነጋዴው የሚሸነፈው ስለ ሰነፈ አይደለም፤ ደንበኞቹ ሳያውቁት ተፎካካሪውን ስለሚደጉሙበት ነው።

ሌላው የመረጃ ነገር ነው። ማን አዲስ መስመር ሊያስገባ እንዳመለከተ፣ ማን ቤት እየሠራ እንደሆነ፣ ማን ብዙ እንደሚጠቀም የሚያውቀው አገልግሎት ሰጪው ነው። ይህን ዝርዝር ለራሱ ሱቅ አሳልፎ ለሌላው ከደበቀ ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት አልቋል።

ይህ የኛ አገር ጣጣ ነው ወይስ ሌላም ቦታ አለ?

መቶ ዓመት የሚጠጋ ታሪክ አለው። አሜሪካ ላይ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የመብራት ድርጅቶች በእናት ኩባንያ ላይ እናት ኩባንያ እየደራረቡ ገዝፈው ነበር። ቺካጎ ላይ የነበረው የሳሙኤል ኢንሱል ግዙፍ መረብ በ1932 ተንኮታኮተ። ጥሪታቸውን አክሲዮን ላይ ያዋሉ ብዙ ተራ ሰዎች ከሰሩ። ከዚያ በኋላ በ1935 የሕዝብ አገልግሎት እናት ኩባንያዎችን የሚመለከት ሕግ ወጣ። ሕጉ መብራት የሚሸጥ ቡድን ከዋናው ሥራው ጋር የማይገናኝ ንግድ ውስጥ እንዳይገባ በጥብቅ ገደበ። ሰባ ዓመት ቆይቶ በ2005 ተሻረ። ቁጥጥሩም ወደ ፌዴራሉ የኢነርጂ ኮሚሽንና ወደ ግዛቶቹ ኮሚሽኖች ዞረ።

በመሀል የተማሩት አለ። አሪዞና ውስጥ ፊኒክስ ከተማን ጭምር መብራት የሚያቀርብ ድርጅት አለ። እናት ኩባንያው ፒናክል ዌስት ይባላል። በ1986 ሜራባንክ የሚባል የቁጠባ ተቋም ገዛ። የቤትና የመሬት ገበያው ሲወድቅ ባንኩም ወደቀ። ኩባንያው ከባንኩ ለመላቀቅ ለመንግሥት ተቆጣጣሪዎች 450 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። መብራት የሚሸጥ ሰው ባንክ ገዝቶ ምን ፈልጎ ነው? በጊዜው ግን ሁሉም ጎበዝ ነጋዴ ብሎት ነበር።

ለኔ ከሁሉም በላይ ትምህርት ያለው የፖርትላንድ ታሪክ ነው። ኦሪገን ውስጥ ፖርትላንድ ጄኔራል ኤሌክትሪክ የሚባለውን የመብራት ድርጅት ኤንሮን የሚባል ግዙፍ የኢነርጂ ኩባንያ በ1997 ገዛው። የግዛቱ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ሽያጩን ሲፈቅድ ግድግዳ አቆመ። የመብራት ድርጅቱ ሒሳብ ለብቻው ይያዛል አለ። ካፒታሉን ከተወሰነ መጠን በታች የሚያወርደው ከሆነ ለእናት ኩባንያው ትርፍ እንዳይሰጥም ከለከለ። እ.ኤ.አ. በ2001 መጨረሻ ኤንሮን ከሰረ። ዓለም ሁሉ ስለ ኪሳራው አወራ። ፖርትላንድ ጄኔራል ግን አብሮ አልከሰረም። መብራቱም አልጠፋም። በርግጥ ሁሉም አልዳነም። የጡረታ ቁጠባቸውን በኤንሮን አክሲዮን ያስቀመጡ የመብራት ድርጅቱ ሠራተኞች ብዙ አጥተዋል። ግድግዳው የጠበቀው አገልግሎቱን ነው፤ ለሠራተኛው ግን ማንም ግድግዳ አላቆመም። ወደፊት የኛ አገር ደንብ የሚያወጡ ሰዎች ይህን ሁለተኛውን ክፍል እንዳይዘሉት እመኛለሁ።

ቴሌብር ላይ ያለው ገንዘቤ ለቴሌ ወጪ ይውላል?

አብሽሩ፣ አይውልም። ለዚህ የተለየ ደንብ አለ። በብሔራዊ ባንክ መመሪያ መሠረት የሞባይል ገንዘብ የሚያወጣ ድርጅት የደንበኞችን ብር በሙሉ በሚያክል መጠን ባንክ ውስጥ ለይቶ ማስቀመጥ አለበት። ስልካችሁ ላይ የሚታየው 500 ብር ባንክ ውስጥ 500 ብር ሆኖ መቀመጥ አለበት ማለት ነው። ለደመወዝም ለማማ ግንባታም አይነካም።

ቀሪው ጥያቄ ሌላ ነው። አንድ የቴሌኮም ድርጅት በራሱ የገንዘብ መተግበሪያ ለሚገዛ ሰው የዳታ ጥቅል ቢያረክስ ቅናሹን የሚሸፍነው ማን ነው? የገንዘቡ ሥራ ከሆነ ጥሩ፣ ራሱን ችሏል። የስልኩ ደንበኛ ከሆነ ግን መተግበሪያውን የማትጠቀም እናት ከካርዷ እየደጎመችው ነው። ይህን የሚያሳየው ለየብቻ የተያዘ ሒሳብ ብቻ ነው። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ለሞባይል ገንዘብ አገልግሎቱ፣ ለኤም-ፔሳ፣ የተለየ ኩባንያ አቋቁሟል። መንገዱ ትክክል ነው እላለሁ። የተለየ ኩባንያ ሲኖር የተለየ መዝገብ ይኖራል፤ የሚጠየቅ ሥራ አስኪያጅም ይኖራል።

ኬንያ ላይ ደግሞ የወኪሎች ነገር አከራክሮ ነበር። ኤም-ፔሳ እዚያ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ወኪሎቹ ለሌላ ድርጅት እንዳይሠሩ ታስረው ነበር። በ2014 የውድድር ባለሥልጣኑ ጣልቃ ገብቶ ያ እስራት ቀረ። ሙጋድ ያለ አንድ ባለሱቅ የፈለገውን ሁሉ የገንዘብ አገልግሎት በአንድ ጠረጴዛ ላይ መስጠት መቻል አለበት። ይህ ለሱም ለኛም ይጠቅማል።

እኛ አገር የሚቆጣጠረው ማን ነው?

አንድ ቤት የለም። ችግሩም እዚህ ይጀምራል።

ኤሌክትሪኩን የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ይቆጣጠራል። የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 የብሔራዊ መስመሩን ታሪፍ መርምሮ ለመንግሥት እንዲያቀርብ ለተቆጣጣሪው ሥልጣን ሰጥቷል። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በአራት ዓመት ውስጥ በየሩብ ዓመቱ ደረጃ በደረጃ የሚጨምረው ታሪፍ ሥራ ላይ ውሏል። ቴሌኮሙን የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ይዞታል፤ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመ ነው። የሞባይል ገንዘቡ ደግሞ ወደ ብሔራዊ ባንክ ይሄዳል። የከተማ ውሃ በክልሉ ሕግና በየከተማው የውሃ ቦርድ ሥር ነው። የውድድርና የሸማች ጉዳይ ሲሆን አዋጅ ቁጥር 813/2006 አለ።

አሁን ፋይበሩን አስቡት። ማማው የኤሌክትሪክ ተቆጣጣሪው ነው። በማማው ላይ የሚያልፈው ኢንተርኔት የኮሙኒኬሽን ተቆጣጣሪው ነው። የኪራዩ ገቢ የታሪፍ ስሌቱ ውስጥ ገብቶ ቢላችንን ይቀንስ እንደሆነ የሚጠይቀው የትኛው ነው? ሁለቱ ካልተነጋገሩ ጥያቄው በመሀል ይወድቃል። ቴሌብር ላይም ያው ነው። አንዱ መሥሪያ ቤት የመስመሩን፣ ሌላው የገንዘቡን ደህንነት ያያል። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገረውን ወጪ ማየት ያለባቸው ሁለቱም አብረው ናቸው።

ሁሉም የመንግሥት ከሆኑ ምን ልዩነት አለው? ያው የአንድ አባት ልጆች አይደሉም?

ይህን ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። አልስማማም።

የሚከፍሉት ሰዎች አንድ አይደሉም። የመብራት ቢል የሚከፍለው መብራት ያለው ሰው ነው። ከከተማ ወጣ ብሎ ገና መስመር ያልደረሰው ገበሬ ቢል አይከፍልም፤ ግን ግብር ይከፍላል። የጎን ንግድ ኪሳራ በታሪፍ ከተሸፈነ ዕዳው ቢል ከፋዩ ላይ ይወድቃል። በመንግሥት በጀት ከተሸፈነ ደግሞ ገበሬው ላይ ጭምር። ማን ላይ እንደሚወድቅ መወሰን ያለበት በግልጽ ነው እንጂ በመዝገብ መደባለቅ መሆን የለበትም።

ደግሞ ሁሉም ሙሉ በሙሉ የመንግሥት ሆነው አይቀጥሉም። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. 10 በመቶ ድርሻውን ለሕዝብ ሽያጭ አቅርቧል፤ የአንዱ አክሲዮን ዋጋ 300 ብር ነበር። አክሲዮን የገዛ ሰው የቱ ክፍል እንደሚያተርፍ፣ የቱ እንደሚከስር ማወቅ መብቱ ነው።

ጥሩ ደንብ ምን ምን ይኖረዋል?

መጀመሪያ የተለየ ሒሳብ። ይህ ከሌለ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። የጋራ መኪና፣ የጋራ ሠራተኛ፣ የጋራ ቢሮ ካለ ወጪው በምን መለኪያ እንደሚከፋፈል አስቀድሞ ተጽፎ መቀመጥ አለበት። ወሩ ካለቀ በኋላ የሚፈለሰፍ መለኪያ ሁልጊዜ ለጎን ንግዱ ያደላል።

ቀጥሎ በሁለቱ መካከል ያለው ዋጋ። የአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1997 በእህት ኩባንያዎች፣ ማለትም በአንድ ባለቤት ሥር ባሉ ድርጅቶች፣ መካከል ስለሚደረግ ግብይት ሰፊ ደንብ አውጥታለች። ብዙ ተቆጣጣሪዎች የሚጠቀሙበት አንድ ብልህ ዘዴ አለ። የመብራት ድርጅቱ ለእህት ኩባንያው ዕቃ ወይም አገልግሎት ሲሰጥ ወጪውንና የገበያውን ዋጋ ያስተያያል፤ ከሁለቱ ከፍ ያለውን ያስከፍላል። ከእህት ኩባንያው ሲገዛ ደግሞ ከሁለቱ ዝቅ ያለውን ይከፍላል። በሁለቱም አቅጣጫ ቢል ከፋዩ አይጎዳም። ከላይ ባየነው ሱቅ ላይ ብንሠራበት ክፍሉ በነጻ አይሰጥም፣ 15,000 ብር ይከፍላል። ሱቁ ለውሃው ጥገና ቧንቧ ሲያቀርብ ደግሞ ከገበያ በላይ መጠየቅ አይችልም።

ዋስትናም አለ። የጎን ንግዱ ሲበደር ትራንስፎርመሩ፣ የውሃ ጉድጓዱ፣ ማማው መያዣ መሆን የለበትም። የሰው መብራት ለሌላ ዕዳ አይያዝም። የደንበኛ መረጃም ያለ ደንበኛው ፈቃድ ወደ ጎን ንግዱ አይተላለፍ፤ የሚተላለፍ ከሆነ ለተፎካካሪዎቹም በእኩል ይድረስ።

መጨረሻ ላይ ቅጣት። ቅጣት የሌለው ደንብ ምክር ነው። ቅጣቱም ቢሆን በታሪፍ የሚመለስ ከሆነ የምንከፍለው እኛው ነን።

ትርፉ የማን ነው?

በኔ እምነት ንብረቱን ማን ሠራው የሚለው ይወስነዋል። ማማው በቢል ከፋዩ ገንዘብና አገር በተበደረችው ብድር ከቆመ፣ በማማው ላይ የሚገኘው ኪራይ ቢሉን ሊያቀልል ይገባል። በሌሎች አገሮች ተቆጣጣሪዎች እንዲህ ያለውን ገቢ ከሚሰበሰበው የታሪፍ ገቢ ላይ ይቀንሱታል። አንዳንዶቹ ለድርጅቱም ማበረታቻ ድርሻ ይተውለታል። ይህም ልክ ነው፤ ምንም የማያገኝ ከሆነ ማን ደክሞ ያከራያል? ጎን ንግዱ ከራሱ ገንዘብ፣ በራሱ ብድር፣ በራሱ ሠራተኛ የቆመ ከሆነ ግን ትርፉም ኪሳራውም የራሱ ነው።

ኮምቦልቻ ያሉ ፋብሪካዎችን ይህ ጉዳይ ይነካቸዋል?

ከቤቶች በላይ ይነካቸዋል። የኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራ ፋብሪካው፣ ብረታ ብረቱ፣ ሁሉም በኃይል ነው የሚሠሩት። መብራት ለአፍታ ሲጠፋ ማሽን ላይ ያለው ጨርቅ ይበላሻል። ሁሉም ስለ ዋጋ ያስባል፤ እኔ የሚያስፈራኝ ግን የጥቅም ግጭት ነው።

ነገ አንድ መብራት አቅራቢ ጄኔሬተር የሚያከራይ እህት ኩባንያ ቢከፍት ምን ይሆናል? መብራት በጠፋ ቁጥር የእህት ኩባንያው ገቢ ይጨምራል። መስመሩን ቶሎ መጠገን ለአንዱ ኪስ ጥሩ፣ ለሌላው መጥፎ ይሆናል። ማንም ሆን ብሎ ያጠፋል አላልኩም። ግን ሰው እንዲህ ዓይነት ፈተና ውስጥ መግባት የለበትም። የውሃ አገልግሎት በቦቴ ውሃ መሸጥ ቢጀምርም ነገሩ አንድ ነው። እንዲህ ዓይነቱን የጎን ንግድ ሒሳብ በመለየት ብቻ ማዳን አይቻልም። ጭራሽ መከልከል ነው የሚሻለው።

ሌላው የባለሙያ ጉዳይ ነው። በ2014ቱ ጦርነት መብራትና ስልክ ተቋርጦ የከረመበትን ጊዜ ደሴም ኮምቦልቻም አይረሱትም። ያኔ የተፈለገው መስመር የሚጠግን ሰው፣ መሰላል ያለው መኪና፣ መለዋወጫ ያለው መጋዘን ነበር። ጎበዙን ቴክኒሻን ወደ አዲሱ ንግድ ያዛወረ ድርጅት የክፉ ቀን ሲመጣ ማን ይወጣለታል? ይህ በሒሳብ መዝገብ ላይ አይታይም፤ ተቆጣጣሪው ግን ሊጠይቀው ይገባል።

ቢሌ ላይ የማላውቀው ክፍያ ካየሁ ምን ላድርግ?

በቢል ላይ ሌላ ክፍያ መጨመሩ ብቻውን ጥፋት አይደለም። አዲስ አበባ ላይ የጽዳት ክፍያ ከውሃ ቢል ጋር ይሰበሰባል፤ ሕጋዊ ነው። ዋናው ነገር ተለይቶ መጻፉ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ዝርዝሩን በጽሑፍ ጠይቁ። የፍጆታው ስንት ነው፣ የአገልግሎቱ ስንት፣ የታክሱ ስንት፣ ሌላውስ ለማን ነው? የቆየ ቢል አትጣሉ፤ የስድስት ወር ካስቀመጣችሁ ጭማሪው መቼ እንደጀመረ ታያላችሁ። በቃል የተነገራችሁን መልስ ሳይሆን የተጻፈላችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

የታሪፍ ውይይት ሲጠራ ደግሞ ቅሩ አልልም። ግቡና ጠይቁ። ከውሃ፣ ከመብራት ወይም ከስልክ ውጭ ምን ሥራ አላችሁ? ያ ሥራ የራሱ ሒሳብ አለው? የጋራ ወጪው እንዴት ተከፋፈለ? ካለፈው ዓመት ገቢው ምን ያህሉ ታሪፉን ለመቀነስ ዋለ? መልስ ካላገኛችሁ ጥያቄው በቃለ ጉባኤ እንዲያዝ አድርጉ። የከተማችሁ የውሃ ቦርድ ውስጥ ነዋሪውን ማን እንደሚወክልም እወቁ።

"ቧንቧውን ከኛ ካልገዛችሁ መስመር አንቀጥልም" ብባልስ?

የጥራት ደረጃ መጠየቅ ይችላሉ። ደካማ ቧንቧ ቢፈነዳ ሰፈሩ ሁሉ ውሃ ያጣል፤ ስለዚህ "ይህን ያህል ውፍረት፣ ይህን ደረጃ የሚያሟላ አምጡ" ቢሏችሁ ልክ ናቸው። "ከኛ ሱቅ ብቻ" ሲባል ግን ሌላ ነገር ነው። በገበያ ላይ የበላይነት ያለው ድርጅት አንድ አገልግሎት ለመስጠት ሌላ ዕቃ መግዛትን ማስገደድ እንደሌለበት አዋጅ 813/2006 ይደነግጋል። ደረጃውን በጽሑፍ ጠይቁ። ከሌላ ሱቅ የገዛችሁበትን ደረሰኝ አያይዛችሁ ማመልከቻ አስገቡ፤ ቅጂውንም ማኅተም አስመትታችሁ አስቀሩ። እምቢ ከተባላችሁ ምክንያቱን በደብዳቤ እንዲሰጧችሁ ጠይቁ፤ ከዚያ መጀመሪያ ወደ ውሃ ቦርዱ፣ ቀጥሎ ወደ ከተማው ንግድ መምሪያ ውሰዱት።